ለትንሽ የኮምፒውተር ኬዝ ኩለር ስትገዙ የሚሸውዷችሁ ነገሮች

ከራሴ ልጀምር። ዱባይ የሚመላለስ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ለራሱ እቃ ኪሎ እየቆጠረ በግድ ሻንጣው ውስጥ ጠቅጥቆ አንድ ኩለር፣ ማለት የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር የሚያቀዘቅዘውን ብረትና ፋን፣ አመጣልኝ፣ ማታውኑ ገጠምኩት፣ ብሎኑም ገባ ፋኑም ዞረ ደስ አለኝ፣ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) የጎን ክዳን ሳስጠጋው ግን አልዘጋ አለ። 4 ሚሊ ናት ያጣላችን። ልመልሰው ብል በማን ልላከው? ስድስት ወር ኬዙን ከፍቼ ተጠቀምኩ፣ የአቧራውን ነገር ተዉት።

እና የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፣ ቁመት ሳያዩ መግዛት። "አሪፍ ኩለር የቱ ነው" የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ኬዙን ይንገረኝ። ቬልካ 3 የምትባለው ሚጢጢ ኬዝ የምትችለው 37 ሚሊ ነው፣ ፍራክታል ሪጅ 70፣ ኩለር ማስተር ኤንአር200 ደግሞ 155 ድረስ ይችላል፣ ሦስቱም ግን "ትንሽ ኬዝ" ነው የሚባሉት። ወደ ኩለሩ ስንመጣ የኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9አይ 37 ሚሊ ነው፣ የተርማልራይት ኤኤክስፒ90-ኤክስ47 ስሙ ላይ እንዳለው 47፣ ኤኤክስፒ120-ኤክስ67 ደግሞ 67። ኤንአር200 ካላችሁማ የተርማልራይት አሳሲን ኤክስ 120 ኤስኢ 148 ሚሊ ስለሆነ ዘና ብሎ ይገባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ከዛ በላይ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ራሳችሁ የምትለኩ ከሆነ ማስመሪያውን ማዘርቦርዱ (ሁሉም እቃ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ እንዳታቆሙት፣ ከፕሮሰሰሩ አናት ነው የሚለካው፣ መሃል ላይ 7 ወይ 8 ሚሊ ይጠፋችኋል። እኔ አሁን ካርቶን በኩለሩ ቁመት ልክ እቆርጥና ፕሮሰሰሩ ላይ አቁሜ ክዳኑን እገጥመዋለሁ። ካርቶኑ ካልታጠፈ እገዛለሁ።

ሁለተኛው፣ የፕሮሰሰሩ ሳጥን ላይ 65 ዋት ይላል ብሎ ማመን። የኤኤምዲው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 7600 ባለ 65 ዋት ይባላል እንጂ ስራ ሲበዛበት 88 ድረስ ይስባል፣ እሺ ይሄ አይከፋም፣ ኢንቴል ኮር አይ7-12700 ግን ያው 65 ተብሎ ተሽጦ 180 ድረስ ይወጣል። ይሄንን ባለ 37 ሚሊ ኩለር ላይ መጫን የሲኖ ጭነት አህያ ላይ እንደመጫን ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ የዋቱን ገደብ አውርዱት፣ ኤኤምዲ ላይ ኢኮ ሞድ፣ ኢንቴል ላይ ፓወር ሊሚት ይባላል። ጌም ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቃችሁም፣ ቪዲዮ ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ ግን ትንሽ ትጠብቃላችሁ። አምስት ሳንቲም ሳታወጡ ጩኸት የምትቀንሱበት መንገድ ነው፣ ሰው ግን ሌላ ኩለር ፍለጋ ይሮጣል።

ጩኸት ካልን፣ የተለያየ ካምፓኒ ዴሲቤል እያወዳደራችሁ አትልፉ፣ አለካካቸው አንድ አይደለም። የፋኑን ስፋት እዩ። 92 ሚሊ ፋን በደቂቃ 2,500 ዙር እየጮኸ የሚገፋውን አየር 120 ሚሊው በጣም ባነሰ ዙር ይገፋዋል፣ ስለዚህ ኬዙ ከቻለ ሰፊውን። ከዛ ደሞ "ዝም ይልና ድንገት ቩም ይላል" የምትሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የኩለሩ ጥፋት አይደለም፣ ብራውዘር ስትከፍቱ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ሰከንድ ይግላል፣ ማዘርቦርዱ ደንግጦ ፋኑን ያስሮጠዋል። ባዮስ ውስጥ የፋን ከርቩን (በስንት ዲግሪ ፋኑ ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነውን መስመር) እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ዝቅ ብሎ ቀጥ እንዲል አድርጉት፣ የማዘግያ ሰከንድ ካለውም ጨምሩበት። ፋኑ ከወንፊቱ ክዳን ጋር ተጣብቆ ከሆነ ደሞ እንደ ንብ ይላል፣ ክዳኑን ስታነሱት ድምጹ ከጠፋ ነገሩ እሱ ነው፣ 5 ሚሊ ያህል ክፍተት ቢኖር ይሻላል።

ሶኬት፣ ማለት ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት መሰኪያ። ከድሮ ኮምፒውተር ኩለር ነቅላችሁ ልትገጥሙ ካሰባችሁ የኢንቴሉ ሶኬት ኤልጂኤ1200 ቀዳዳዎች ርቀት 75 ሚሊ ነበር፣ በ2021 የመጣው ኤልጂኤ1700 78 አደረገው፣ ማሰሪያው ለብቻ ካልተገኘ አይገጥምም። ኤኤምዲ ላይ ደሞ የኤኤም4 ሶኬት ኩለር ብዙው ኤኤም5 ላይ ይሰራል፣ ግን ኤኤም5 ላይ ከጀርባ ያለው ብረት አይነቀልም፣ የራሱን ብረት ይዞ የሚመጣ ኩለር ከሆነ አበቃ። ራማችሁም (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ሜሞሪ) ረጅም ጌጥ ካለው ቁመቱን አብራችሁ እዩ።

አንድ ማንም የማያነሳው ነገር፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደሞ ሙቀት የሚሸከመው ያንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር የተሰራ ሪቪው ላይ "ልክ በቃው" የተባለ ኩለር እዚህ ልክ ላይበቃው ይችላል፣ ትንሽ ተርፎት ግዙ። ደግነቱ ቤታችን ቀዝቃዛ ነው።

የመጨረሻዋ ትንሽ ናት። ጓደኛዬ "አዲሱ ኩለር ተበላሽቷል፣ 95 ዲግሪ ላይ ቆመ" ብሎ ጠራኝ፣ ሄድኩ፣ ቡናውን ጠጥተን ፈታነው። ከኩለሩ ስር ያለችው፣ ከመግጠሙ በፊት መላጥ የነበረባት ስስ ፕላስቲክ እንደተለጠፈች ናት፣ ላዩዋ ላይ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት አሻጋሪው ቅባት) በስርዓት ተቀብቷል።