የዘገየ መልስ ሲመጣ፦ የዩዲፒ ክላየንት ቤዝ ክላስ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፖርቱ ትክክል ነው፣ ፋየርዎሉ ክፍት ነው፣ ሰርቨሩም ይሰራል ብለን እንጀምር። እነዚህን ያላያችሁ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ። እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። አንድ ቤዝ ክላስ (ሌሎች ክላሶች የሚወርሱት የጋራ ኮድ) ተጽፏል። አምስት ስድስት የዩዲፒ (ግንኙነት ሳይመሰርት ፓኬት ብቻ የሚልክ ፕሮቶኮል) ክላየንቶች ከሱ ወርሰዋል። ወራት በሰላም ሰርተዋል። ከዚያ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የማይሆን ቁጥር ይመጣል።

ደጋግሜ ስጠግነው ምክንያቱ ያው አንድ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ቤዝ ክላሱ ሶኬት (ፕሮግራሙ ፓኬት የሚልክበትና የሚቀበልበት በር) መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የሚያውቀው። መልስን ከጥያቄው ጋር ማዛመዱን ለልጆቹ ትቶታል። ዩዲፒ ራሱ በዚህ በኩል አይረዳችሁም። በ1980 የወጣው ሰነዱ ሦስት ገጽ ነው። ሄደሩ (ከመልእክቱ ፊት የሚሄደው መረጃ) 8 ባይት ነው፦ የላኪ ፖርት፣ የተቀባይ ፖርት፣ ርዝመትና ቼክሰም (መልእክቱ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ)። «ይህ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው» የሚል ቦታ የለውም።

ምልክት፦ መልሱ ደህና ይመስላል፣ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው

ባቱ አካባቢ ያለ አንድ የአበባ እርሻ ስድስት ቀዝቃዛ ክፍሎች ነበሩት። ጽጌረዳው ወደ አውሮፕላን እስኪሄድ እዚያ ይቆያል። የስድስቱም ክፍል ቴርሞሜትር ከአንድ ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ አንድ አይፒ፣ አንድ ፖርት። ፕሮግራሙ ከክፍል 1 እስከ 6 ተራ በተራ ይጠይቃል። ታይምአውቱ (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) 500 ሚሊሰከንድ ነው።

የክፍሎቹ ኃላፊ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ክፍል 4 ሞቋል ይላል። እኔ አሁን ውስጡ ቆሜያለሁ፣ ጣቴ ደንዝዟል።» ሰራተኞቹ ግን ስክሪኑን አምነው አበባውን ከክፍል 4 ወደ ክፍል 3 ሲያጓጉዙ ነው ያረፈዱት። በእውነት የሞቀው ክፍል 3 ነበር።

ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ አየሁት። የክፍል 2 ጥያቄ ወጣ። 500 ሚሊሰከንድ አለፈ፣ ፕሮግራሙ «ታይምአውት» ብሎ ጻፈና የክፍል 3ን ጥያቄ ላከ። በ640ኛው ሚሊሰከንድ ላይ የክፍል 2 መልስ ደረሰ። ፕሮግራሙ የክፍል 3 መስሎት ተቀበለው። ትክክለኛው የክፍል 3 መልስ ሲመጣ የሚያነሳው የለም፣ ሶኬቱ ወረፋ ላይ ተቀመጠ። ክፍል 4 ሲጠየቅ ያ የተቀመጠው መልስ ወዲያውኑ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ይህን ችግር በአንድ ነገር ታውቁታላችሁ። መልሱ ከልክ በላይ ፈጣን ነው። ኔትወርኩ 80 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነና መልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች «ከደረሰ»፣ ከኔትወርኩ የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ ወረፋ ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ ቤዝ ክላሱ የእያንዳንዱን መልስ የፈጀበትን ጊዜ ሎግ ያድርግ። ይቺ አንዲት መስመር የብዙ ቀን ፍለጋ ታድናለች።

ለምን ቶሎ አይያዝም? ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል፤ ሶኬቱ ሲዘጋ ወረፋውም አብሮ ይጠፋል። ደግሞም አንድ መልስ መንገድ ላይ በእውነት ሲጠፋ መንሸራተቱ በራሱ ይቃናል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰዎች «ሴንሰሩ ነው» ብለው ሴንሰር ይቀይራሉ። እዚያ እርሻ ሁለት ሴንሰር ተቀይሮ ነበር፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

የማይሰሩ መፍትሄዎች አሉ። ታይምአውቱን ወደ 3 ሰከንድ ማሳደግ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከመላክ በፊት ወረፋውን ማጽዳትም በጣም የተለመደ ነው። የዘገየው መልስ ግን ካጸዳችሁ በኋላም ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ምን ታጸዳላችሁ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ሶኬት መክፈት ከነዚህ ይሻላል፣ ምክንያቱም የዘገየው መልስ ወደ ተዘጋው ፖርት ነው የሚሄደው። ሆኖም ለተወሰነ ፖርት ብቻ የሚመልሱ መሳሪያዎች አሉ፣ እዚያ አይሰራም።

ትክክለኛው መፍትሄ መለያ ነው። ጥያቄው መለያ ይዞ ይወጣል፣ መልሱ ያንኑ መለያ ይዞ ይመለሳል። የዚያ እርሻ ሳጥን ፕሮቶኮል ለዚህ የሚሆን አንድ ባይት ነበረው። የቀድሞው ፕሮግራመር ሁልጊዜ ዜሮ ነበር የሚሞላው። ይህ ያናድደኛል። መሳሪያውን የሰራው ሰው አስቦ ያስቀመጠውን ነገር ሰነዱን ሳያነቡ ማለፍ ነው።

ቤዝ ክላሱ ውስጥ እንዲህ አድርጉት። ልጅ ክላሱ ሦስት ስራ ብቻ ይኑረው፦ መለያ ተሰጥቶት የጥያቄውን ባይቶች ማዘጋጀት፣ ከመልሱ ባይቶች መለያውን ማውጣት፣ የቀረውን መተርጎም። መለያ የሚያወጣው ሜተድ ቤዝ ክላሱ ውስጥ በስም ብቻ የታወጀ (አብስትራክት) ይሁን፣ ልጁ ካልጻፈው ኮዱ አይስራ። «ለማቅለል» ብላችሁ ዜሮ የሚመልስ ዲፎልት እንዳታስቀምጡ! ዲፎልት ካለ ማንም አይጽፈውም።

መለያውን ኢንቲጀር ብቻ አታድርጉት፣ ባይቶች ይሁን። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) 16 ቢት ቁጥር አለው፣ ራዲየስ (የተጠቃሚን መግቢያ የሚያረጋግጠው) 8 ቢት ብቻ ነው። ኤንቲፒ (ሰዓት ማስተካከያው) ግን ቁጥር የለውም፤ ክላየንቱ የላከበትን ሰዓት ሰርቨሩ እንዳለ ይመልስለታል፣ ማዛመጃውም ያ ነው። ኢንቲጀር ካላችሁ ኤንቲፒ ከቤዝ ክላሳችሁ ውጪ ይቀራል።

የሚቀጥለው መልስ የሚቀበለው ሉፕ ነው። ፓኬት ተቀበሉ፣ የላኪውን አድራሻ እዩ፣ መለያውን እዩ፣ ካልገጠመ ጣሉትና መጠበቅ ቀጥሉ። ቀሪውን ጊዜ ብቻ ነው የምትጠብቁት። ታይምአውቱ ከአዲስ እንዲጀምር እንዳታደርጉ። አንድ ጀነሬተር በየ200 ሚሊሰከንዱ ሳይጠየቅ ሁኔታውን ይልክ ነበር። ክላየንቱ እያንዳንዱን ፓኬት ይጥልና እንደገና 1 ሰከንድ ይጠብቃል። 1 ሰከንዱ መቼም አልሞላም። ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ አደረ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የማብቂያውን ሰዓት አስሉ፣ በየዙሩ ከሱ ላይ ቀንሱ። ሰዓቱም ወደ ኋላ የማይመለሰው ይሁን፤ የሲስተሙ ሰዓት በኤንቲፒ ሲስተካከል ሊዘል ይችላል።

መለያው ከ1 አይጀምር። ፕሮግራሙ ሪስታርት ሲደረግና ያንኑ ፖርት ሲይዝ፣ ከበፊቱ የዘገየ «መልስ 1» ከአዲሱ «ጥያቄ 1» ጋር ይገጥማል። ከዘፈቀደ ቁጥር ይጀምር። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ከሆነ ሁሉም መለያ ዘፈቀደ ይሁን። በ2008 የደህንነት ተመራማሪው ዳን ካሚንስኪ የዲኤንኤስን ድክመት ሲያሳይ፣ 16 ቢቱ ብቻውን የሐሰት መልስ የሚልክ አጥቂን እንደማያቆም ነው በሰፊው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ የላኪው ፖርትም ይቀያየራል።

መልስ ያጣ ጥያቄ ሲደገምስ? እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አንድ ግቢ ውስጥ የውሃ ፓምፕ «ቀይር» (ጠፍቶ ከሆነ ተነሳ፣ ተነስቶ ከሆነ ጥፋ) በሚል ትእዛዝ ይሰራ ነበር። ትእዛዙ ደረሰ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ቤዝ ክላሱ በአዲስ መለያ ደግሞ ላከ። ፓምፑ ጠፋ። ጥበቃው በስልክ «ይነሳና ወዲያው ይጠፋል» ሲለን ሁላችንም ኤሌክትሪኩን ነበር የጠረጠርነው። ድጋሚ ሲላክ መለያው ያው ይሁን፣ መሳሪያው ደግሞ የመጨረሻውን መለያ ያስታውስ። መሳሪያው የማያስታውስ ከሆነ ትእዛዝ በራሱ አይደገም። «ይህ ጥያቄ መደገም ይችላል» የሚለውን ልጅ ክላሱ ይናገር፤ ካልተናገረ መልሱ «አይችልም» ነው።

የድግግሞሹን ልክ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ኮአፕ (ለትናንሽ መሳሪያዎች የተሰራ የዩዲፒ ፕሮቶኮል) በ2 ሰከንድ ይጀምራል፣ በላዩ ትንሽ ዘፈቀደ ይጨምራል፣ በየጊዜው እጥፍ ያደርጋል፣ ቢበዛ 4 ጊዜ ይደግማል። ጥሩ መነሻ ነው። በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚደበድብ ክላየንት የደከመውን ሰርቨር ጨርሶ ይጥለዋል።

ምልክት፦ ሲነሳ አንዳንዴ በነል (ያልተሞላ ዋጋ) ኤረር ይሞታል

ቤዝ ክላሱ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ የመቀበያ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ስራ) ያስነሳል። ፓኬት ቶሎ ከመጣ የልጁ ሜተድ ይጠራል፣ የልጁ ፊልዶች ግን ገና አልተሞሉም። ጃቫ ላይ ይህ ነው የሚሆነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ደግሞ ልጁ ገና ስላልተፈጠረ የሚጠራው የቤዙ ሜተድ ነው፤ በስም ብቻ የታወጀ (ፒዩር ቨርቹዋል) ከሆነ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ኮንስትራክተሩ ያስቀምጥ ብቻ፤ ማስነሳት ለብቻው ሜተድ ይኑረው። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ሲዘጋም ያው ነው፤ ልጁ ከፈረሰ በኋላ ትሬዱ አሁንም የሚሮጥ ከሆነ ውድቀት ነው። ትሬዱ መጀመሪያ ይቁም።

ሊነክስ ላይ ደግሞ ሶኬቱን ከሌላ ትሬድ መዝጋት የሚጠብቀውን ትሬድ አይቀሰቅሰውም። መቀበያው አጭር ታይምአውት ይኑረውና በየጊዜው «ልቁም?» ብሎ ይይ።

ምልክት፦ ረጅም መልስ ተቆርጦ ይመጣል

ባፈሩ (የሚመጣው መልስ የሚቀመጥበት ሚሞሪ) አነስተኛ ነው። ሊነክስ ትርፉን በዝምታ ይጥለዋል፣ ዊንዶውስ ኤረር 10040 ይሰጣል። የመቀበያ ባፈሩን 65,535 ባይት አድርጉት፣ ሚሞሪ አይጎዳም። ስትልኩ ግን ከ1,232 ባይት አትለፉ። አይፒቪ6 ቢያንስ 1,280 ባይት ያሳልፋል፤ 40 የአይፒ፣ 8 የዩዲፒ ሄደር ሲቀነስ የሚቀረው እሱ ነው።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ለአፍታ ሲጠፋ ክላየንቱ ለዘለቄታው ይሞታል

ዊንዶውስ ላይ ኤረር 10054፣ ሊነክስ ላይ ሶኬቱ በኮኔክት ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር ከተያያዘ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ»። ከወዲያኛው ማሽን «ይህ ፖርት ላይ ማንም የለም» የሚል አይሲኤምፒ (የኔትወርክ የስህተት መልእክት) መጥቶ ነው። ይህ ያልተሳካ ሙከራ ነው እንጂ የሶኬቱ መጨረሻ አይደለም። ሉፑን አትስበሩ።

ባዶ ፓኬት መጥቶ ክላየንቱ ቢዘጋ፦ ዩዲፒ ላይ ዜሮ ባይት ሕጋዊ መልእክት ነው፣ እንደ ቲሲፒ «ተዘጋ» ማለት አይደለም።

ቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) ብቻ አልሰራ ካለ፦ ሰርቨሩ ጥያቄውን በፖርት 69 ተቀብሎ ከሌላ ፖርት ነው የሚመልሰው። የላኪውን ፖርት ማጣራት ልጅ ክላሱ ሊያላላው የሚችል ይሁን። አይፒውን ግን አታላሉ።

ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ውሸተኛ ሰርቨር ጻፉ። አንዱን መልስ ከታይምአውቱ 100 ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ይላክ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ይላክ፣ አንዱን ከሌላ ፖርት ይላክ፣ አንዱን ባዶ ያድርገው። መቶ መስመር አይሞላም። ከቤዝ ክላሱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፣ አዲስ ልጅ ክላስ በተጻፈ ቁጥርም መጀመሪያ በሱ በኩል ይለፍ።