ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ የእንግሊዝኛ ማስተማር ድኅረ ምረቃ እንዴት ይመረጣል?

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ እየተመላለሰ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ማስተርስ ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት ልማር?" ብሎ ነው። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን "ተምሬ ምን ልሠራበት?" የሚለው ነው። ስማቸው የሚመሳሰል፣ የሚያበቁት ሥራ ግን የሚለያይ ብዙ ማስረጃዎች አሉ። ሁለት ዓመትና ብዙ ብር ከፈሰሰ በኋላ ልዩነቱን ማወቅ ያማል፤ ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መቀጠል ነው? ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር? የግል ቋንቋ ማሠልጠኛ ወይም ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት? ወይስ ውጭ አገር? ሁለቱን ከመረጡ የሚቀድመውን ያስምሩበት።

ከዚያ ለዚያ ሥራ የወጡ ሦስት የቅጥር ማስታወቂያዎች ፈልገው የተጠየቀውን የትምህርት መስክ ስም ቃል በቃል ይገልብጡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው "ቴፍል" (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር) ካለ፣ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ የያዘ አመልካች በመጀመሪያው ማጣሪያ ሊቀር ይችላል። ማጣሪያው የሚያየው ዲግሪው ላይ የተጻፈውን ስም እንጂ የመምህሩን ችሎታ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን ለይተው ይወቁ

ፒጂዲቲ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ያለ መምህርነት ሥልጠና የያዘ ሰው በሁለተኛ ደረጃ እንዲያስተምር የሚያበቃው እሱ ነው። ትምህርቱ በሥነ ማስተማር፣ በትምህርት ቤት ልምምድና በተግባራዊ ምርምር ላይ ያተኩራል። ማስተርስ አይደለም። በሌላ በኩል ማስተርስ ስለያዙ ብቻ ፒጂዲቲው ይታለፍልኛል ብለው አይገምቱ፤ ቀጣሪውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቴፍል በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ መስክ ሆኖ ይሰጣል። በመደበኛው መርሐ ግብር ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ኮርሶቹ ያልቃሉ፣ ከዚያ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ይጻፋል። ቴሶል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ማስተማር) የሚለው ስም በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይበዛል፤ በብሪታንያ ብዙውን ጊዜ 180 ክሬዲት ያለው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። አፕላይድ ሊንጉዊስቲክስ (ተግባራዊ ሥነ ልሳን) ስለ ቋንቋ አለማመድ፣ አጠቃቀምና ምዘና በጥልቀት ያስተምራል፤ ክፍል ውስጥ ስለሚደረገው ግን ያነሰ ሊናገር ይችላል።

ሴልታና ዴልታ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ መምህራን የብቃት ማስረጃዎች ብዙ ሰው ያምታታል። ሁለቱንም የሚሰጠው ካምብሪጅ ነው፤ ሁለቱም ዲግሪ አይደሉም። ሴልታ ቢያንስ 120 የትምህርት ሰዓት አለው፤ ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎችን 6 ሰዓት እያስተማረ ይታያል፣ አራት የጽሑፍ ሥራም ያስረክባል። በብሪታንያ የብቃት መለኪያ 5ኛ ደረጃ ላይ ስለሆነ ድኅረ ምረቃ ነው የሚልዎት ሰው ተሳስቷል። ዴልታ 7ኛ ደረጃ ነው፤ ይህ ማስተርስ የሚገኝበት ደረጃ ነው። ሦስት ሞጁሎች አሉት፦ የመጀመሪያው እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ የሚወስዱ ሁለት ወረቀቶች ያሉት ፈተና፣ ሁለተኛው እየታዩ የሚያስተምሩበት፣ ሦስተኛው ከ4,000 እስከ 4,500 ቃላት የሚሆን ጽሑፍ። በፈለጉት ቅደም ተከተል መውሰድ ይቻላል። ለአገር ውስጥ የመንግሥት ቅጥር ግን ዴልታ የማስተርስን ቦታ ይተካል ብለው ገንዘብ አያውጡ።

"120 ሰዓት ቴፍል" እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው ሰርተፊኬት ሌላ ነገር ነው። የሰዓቱ ቁጥር ከሴልታ ጋር ስለተመሳሰለ አይታለሉ። አብዛኛው አንድም ጊዜ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ ሳይታዩ የሚጨርሱት ነው።

ደረጃ 3፦ የኮርስ ዝርዝሩን በእጅዎ ይያዙ

ሬጅስትራሩ ወይም የትምህርት ክፍሉ ዝርዝሩን እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው አይበቃም። አራቱን የቋንቋ ክህሎቶች ስለማስተማር፣ ስለ ፈተና አወጣጥና ምዘና፣ ስለ መማሪያ ጽሑፍ ዝግጅት፣ እንዲሁም ስለ ምርምር ዘዴ ራሳቸውን የቻሉ ኮርሶች መኖራቸውን ይዩ። ምዘና የሌለበት ዝርዝር ካዩ ይጠንቀቁ፤ መምህር ዓመቱን ሙሉ ፈተና ያወጣል፣ ያርማል፣ ውጤት ይሞላል።

ከዚያ ይህን ይጠይቁ፦ "በትምህርቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ሳስተምር ታያላችሁ?" መልሱ "ዜሮ" ከሆነ ትምህርቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የአገር ውስጥ ማስተርስ በአብዛኛው ያተኮረው በንድፈ ሐሳብና በምርምር ላይ ነው። ነገር ግን ክፍል አያያዝዎን ለማሻሻል ብለው ከሆነ የሚመዘገቡት፣ የሚፈልጉትን እዚያ ላያገኙት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሁለተኛ ቋንቋና ስለ ውጭ ቋንቋ ጥቂት እንበል። ለንደን የገባ ስደተኛ ከክፍል ወጥቶ ዳቦ ሲገዛ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ለእሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ቡራዩ ያለች ተማሪ ግን ቤቷ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ታወራለች፤ እንግሊዝኛ የምትሰማው ክፍል ውስጥ፣ አብዛኛውንም ከመምህሯ አፍ ነው፤ ለእሷ የውጭ ቋንቋ ነው። 9ኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል ማስተማር፣ ንባብን መገንባት፣ የሌሎች ትምህርቶችን እንግሊዝኛ ማገዝ የሚሉ ነገሮች ያሉት ትምህርት ከማንኛውም ዝነኛ ስም ይልቅ ይጠቅማታል። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡም የምርጫ ኮርሶቹን በዚህ ዓይን ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ከመክፈልዎ በፊት ዕውቅናውን ያረጋግጡ

የግል ተቋም ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዓይነት ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ መሀል ከተማ ባለው ካምፓሱ በመደበኛ ትምህርት ቴፍል ለማስተማር ቢፈቀድለት፣ ዳር ላይ በከፈተው ቅርንጫፍ ወይም በርቀት ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የዕውቅና ደብዳቤውን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ይጠይቁ፤ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ያጣሩ። "በሂደት ላይ ነው" ከተባሉ፣ ሂደቱ እስኪያልቅ ብርዎን አይስጡ።

የውጭ አገር ዲግሪ ይዘው ሲመጡም የአቻ ግምት (ዲግሪው ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ) የሚሠራው ይኸው ባለሥልጣን ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ማስተርስ ካሰቡ፣ ለአቻ ግምት ምን እንደሚጠየቅ ከመመዝገብዎ በፊት ይወቁ።

ደረጃ 5፦ አሠሪዎ ማን እንደሆነና መንገዱን ያስሉ

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በእሱ ሥር ናቸው፤ የዚያ የመንግሥት መምህር የኦሮሚያ ሠራተኛ ነው። አያት ወይም ጀሞ የሚያስተምረው ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነው። ቤታቸው ጎን ለጎን ቢሆንም የትምህርት ዕድል ኮታቸውም፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸውም ቢሮ ይለያያል። በአሠሪ ስፖንሰርነት ከተማሩ በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለ ውሉን አንብበው ይፈርሙ።

መንገዱን በወረቀት ላይ ያስሉት። ለምሳሌ የአንድ ጉዞ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ቅዳሜና እሁድ ደርሶ መልስ በሳምንት 6 ሰዓት ይወስዳል። ከለገጣፎና ከካራ ለሚመጣ ሰው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በመንገዱ ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ከብዙው ዳርቻ ሁለት ወይም ሦስት ታክሲ ይፈልጋል። ማታ የሚያልቅ ትምህርት ከመረጡ፣ የመጨረሻው ታክሲ ወደ ሰፈርዎ የሚሄድበትን ሰዓት በአንድ የሥራ ቀን ሄደው ራስዎ ይዩት። ኮርስ በዚህ ምክንያት የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 6፦ ሰነድና ፈተና

የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የተማሪ ኮፒና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋሉ። ኦፊሻሉ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚላክ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ካላለቀ ደግሞ ከነጭራሹ አይላክም። ምዝገባ ሲከፈት ሳይሆን ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ይጀምሩት። የድኅረ ምረቃ ብሔራዊ መግቢያ ፈተናም አለ። የእንግሊዝኛ መምህራን የቋንቋውን ክፍል ተማምነው የስሌቱንና የምክንያታዊ አስተሳሰቡን ይረሱታል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ሒሳብ ለስምንት ሳምንት ይሥሩ።

ለቼቭኒንግ፣ ማለትም ለብሪታንያ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ያስፈልገዋል፤ ከጨረሰም በኋላ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ ይቆያል። የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ በጣም ቀድመው አይፈተኑ።

ደረጃ 7፦ የቴሲስ ርዕስ ይዘው ይግቡ

ማስተርስ የሚጓተተው በአብዛኛው ኮርስ ላይ ሳይሆን ቴሲስ ላይ ነው። "የእንግሊዝኛ ትምህርት ተግዳሮቶች በአዲስ አበባ" የሚል ርዕስ አማካሪዎን ያሰለቻል፣ መረጃውም ማለቂያ የለውም። "በአንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሁለት ክፍሎች ከማንበብ በፊት ቃላት ማስተማር በመረዳት ላይ ያለው ውጤት" ቢሉ ግን መረጃውን ራስዎ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይሰበስባሉ፣ የታክሲም ያተርፋሉ። ትምህርት ክፍሉን ማን እንደሚያማክርዎና አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደያዘ ይጠይቁ፤ ከቀድሞ ተማሪዎችም ረቂቅ በስንት ጊዜ ታርሞ እንደሚመለስ ይስሙ።

የፈቃድ ደብዳቤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱና ከርዕሰ መምህሩ በመስከረም ይያዙ። መረጃ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ካልሆነም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሰብስቡ። በግንቦት ብሔራዊ ፈተና ይቃረባል፣ የተማሪው ልብ ይከፈላል፤ የጀመሩት የሁለት ክፍል ንጽጽርም ግማሹ ተማሪ በሌለበት ይቋረጣል።