«ስቲል ማግኖሊያስ»ን ከእናታችሁ ጋር ለመመልከት፦ መጀመሪያ ጓደኛዋን ጥሩ

ይህን ፊልም ከእናታችሁ ጋር ለማየት ካሰባችሁ፣ ከቴሌቪዥኑም ከቡናውም በፊት የእናታችሁን የልብ ጓደኛ ጥሩ። ጓደኛዋ ካልተመቻት ቀኑን አስተላልፉት። ይህን የምለው ሁለቱንም መንገድ ሞክሬ ስላየሁት ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጥታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሕፃኗ ተኝታልኝ ሳለ፣ ለሁለት ብቻ ሆነን ፊልሙን ጀመርነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ልጄ፣ ዓይኔን ደከመኝ» ብላ ተነሣች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ግን አንድ እሑድ ከሰዓት የእኔን ክርስትና እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠራኋቸው። ያንኑ ፊልም፣ በዚያው ሶፋ ላይ፣ እስከ መጨረሻው አዩት፤ ከዚያም እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወሩ ቆዩ።

እናቴና ክርስትና እናቴ ደሴ ላይ አጥር ለአጥር ያደጉ ናቸው። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ አገንፍታለች፤ አንዷ ልጇን ስትቆጣ ሌላዋ በቀሚሷ ሸሽጋለች። ክርስትና እናቴ ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላ በስልክ ካልሆነ በቀር አልተገናኙም ነበር። ለእኔ የማትነግረኝን ሁሉ እናቴ ለእሳቸው ትነግራቸዋለች። ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ፤ እዚህ ፊልም ላይ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ፊልሙን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሄርበርት ሮስ ነው፤ የተቀረጸውም ሉዊዚያና ውስጥ ናከቲሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስድስት ሴቶች ትሩቪ በምትባል ሴት ጸጉር ቤት ይሰበሰባሉ። እናትየዋ ኤምሊን ሳሊ ፊልድ ናት፤ ልጅቷ ሼልቢ ደግሞ በዚህ ሚናዋ ለኦስካር የታጨችው ጁሊያ ሮበርትስ። ባለ ጸጉር ቤቷን ትሩቪን ዶሊ ፓርተን ትጫወታለች። ኦሊምፒያ ዱካኪስና ሸርሊ ማክሌን ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ጓደኛሞች ሆነው ይጫወታሉ፤ ዳሪል ሃና አዲስ የተቀጠረችው ረዳት ናት። ሼልቢ የስኳር ሕመም አለባት፤ መውለድ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት ሐኪም ነግሯታል። እሷ ግን ትወልዳለች። እናትየዋ ያንን ዜና ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ነገር ለማየት ብቻ ፊልሙን ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጥቁር ተዋንያን ለቴሌቪዥን እንደገና ተሠርቷል፤ ኩዊን ላቲፋ እናትየዋን ትጫወታለች። አጠር ስለሚል ረጅም ጊዜ መቀመጥ ለማይችሉ እናቶች ጥሩ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቀልዱም ሐዘኑም የሚበቃውን ያህል ጊዜ ያገኛል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ፊልሙን አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የደቡቡ ሰዎች አነጋገር እንግሊዝኛ ለሚያውቅም ስለሚፈጥን ለራሳችሁ ከሥር የሚወጣውን የንግግር ጽሑፍ አብሩት። ስታዩ የምትጽፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ለማን ምን ናት። ሼልቢ፣ ኤምሊን፣ ትሩቪ፣ ክሌሪ፣ ዊዘር፣ አኔል እያላችሁ ብትጠሯቸው እናቶቻችን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስሞቹ ይደበላለቁባቸዋል። እኔ «ሙሽራዋ»፣ «እናትየዋ»፣ «ባለ ጸጉር ቤቷ»፣ «ባሏ የሞተባት»፣ «ባለ ውሻዋ»፣ «አዲሷ ልጅ» ብዬ ሰየምኳቸው። ሁለቱም እስከ ዛሬ በእነዚህ ስሞች ነው የሚያነሷቸው።

ባለ ውሻዋን በተመለከተ ምክሬን ስሙኝ። ቃል በቃል አትተርጉሟት። ሁሉን የምትሳደብ፣ ሁሉም የሚወዳት ሴት ናት፤ ስድቧ ወደ አማርኛ ሲገባ ጨካኝ ያደርጋታል። እኔ «አፏ ነው እንጂ ሆዷ ክፉ አይደለም» ብዬ አለፍኩ። ክርስትና እናቴ ወዲያው ወደ እናቴ ዞረው የአንዲት የደሴ ጎረቤታቸውን ስም ጠሩ፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ባለ ውሻዋ ብቅ ባለች ቁጥር እኔ የምተረጉመው አልነበረም።

ቡናውን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ቁሉት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ጭስ ጠቋሚው ከጮኸ በኋላ ሰውን እንደገና ወደ ፊልም መመለስ ከባድ ነው። መስኮቱን ከፍቼ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ አቦሉን ሠርጉ ላይ ቀዳሁ። ቶናውን ለመሀል አቆየሁት። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መሀል ላይ እያቋረጡ መተርጎም ፊልሙንም እናትንም ያደክማል። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ አቁሙ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩ፣ ቀጥሉ። ከዚህ ልማድ የምትወጡት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ከመጀመሪያው፣ ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው። እናትየዋ አገጯን ይዛ ጭማቂ ታጠጣታለች፤ ልጅቷ ትገፋታለች፤ እጇ ይንዘፈዘፋል። እናቴ እዚህ ላይ «ለስኳር በሽተኛ ጭማቂ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አብዛኞቹ እናቶቻችን ስኳር ሲበዛ እንጂ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ስላልተነገራቸው እናትየዋ ልጇን የምትጎዳ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አቁሙና አስረዱ፦ ኢንሱሊን ስኳርን ያወርዳል፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል፤ ያኔ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ አምቡላንስ ይጠራል። በቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ይህን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም።

እዚያው ላይ ሌላም ነገር ጨምሩ። የሼልቢ ታሪክ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ነው። ዛሬ የስኳር ሕመም ያለባቸው ብዙ ሴቶች ከእርግዝናው በፊት ከሐኪም ጋር አቅደው፣ ስኳራቸውንና ኩላሊታቸውን እያስመረመሩ፣ ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። ይህን ካልተናገራችሁ ፊልሙ በዘመዳችሁ ልጅ ላይ ፍርድ ይሆንባታል፤ «ስኳር ያለባት አትውለድ» የሚል ወሬ ከሶፋው ተነሥቶ ደሴ ይደርሳል።

ሞቱን ስለ መንገር ላምጣው። ሼልቢ ኩላሊቷ ይደክማል፤ እናቷ የራሷን ትሰጣታለች፤ በመጨረሻ ግን ልጅቷ ትሞታለች። አሜሪካውያን ጓደኞቼ የፊልም መጨረሻ አስቀድሞ ሲነገር ይቆጣሉ። በእኛ ዘንድ ግን መርዶ ወግ አለው። ለብቻዋ ላለች ሴት አይነገርም፤ ድንገት አይነገርም፤ የቅርብ ሰው አጠገቧ ሳይኖር አይነገርም። ከሁለት ቀን በፊት ለክርስትና እናቴ ደውዬ ታሪኩን በሙሉ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ተዪው፣ አንቺ አትንገሪያት። እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ለዚህ ነው ቶናውን ያቆየሁት። ልጅቷ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ፊልሙን አቆምኩ፣ ቡናውን ቀዳሁ፣ ሕፃኗን ለማየት ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ክርስትና እናቴ ደግሞ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳርፈዋል። «ክፈቺው» አለችኝ እናቴ። የሆስፒታሉን ትዕይንት ሳንተረጉም አየነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ እናትየዋ ብቻዋን አልጋው አጠገብ መቅረቷን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።

መቃብሩ ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ። ሕዝቡ ሲበተን እናትየዋ ትቀራለች፤ ጓደኞቿም ይቀራሉ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትላለች፤ ከዚያ ትጮኻለች። ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ የሆነ ሰው መምታት እፈልጋለሁ ትላለች። ባሏ የሞተባት ክሌሪ ባለ ውሻዋን ከኋላ ይዛ «ይህችን ምቺያት» ብላ ወደ ፊት ታቀርባታለች። እናትየዋ በእንባዋ መሀል ትስቃለች፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ ባለ ውሻዋ ብቻ ተቆጥታ ትሄዳለች።

እኔ እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማስረዳ ሌሊቱን ሳስብ ነበር ያደርኩት። በመቃብር ላይ መሳቅ ነውር ነው ይሉኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እናቴ «ጫማው!» አለች። ክርስትና እናቴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አያቴ ያረፈች ጊዜ፣ ክርስትና እናቴ ጩኸት ሰምተው በሌሊት ሲሮጡ አንድ እግራቸው ላይ ጥቁር፣ ሌላው ላይ ቡናማ ጫማ አድርገው መጡ። እስከ ሦስተኛው ቀን ማንም አላየም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ዓይኗ እግራቸው ላይ አረፈ። ሳቋ አመለጣት፤ ክርስትና እናቴ ሳቋን ለመሸፈን እሪ ብለው አለቀሱላት፤ አስለቃሿም ተከተለቻቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ አንድም ቀን አልሰማሁም ነበር። ፊልሙን ያቆመ የለም፤ ትንሣኤ ደርሶ ልጆቹ እንቁላል ሲፈልጉ እኛ ገና ጫማው ላይ ነበርን።

እውነተኛ ታሪክ መሆኑን መጨረሻ ላይ ንገሯቸው፤ በመጀመሪያ ከተናገራችሁት እስከ ፍጻሜው ሐዘን ብቻ ይጠብቃሉ። ጸሐፊው ሮበርት ሃርሊንግ እህቱ ሱዛን እ.ኤ.አ. በ1985 በስኳር ሕመም ምክንያት አርፋበታለች፤ ትንሹ ልጇ እናቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች እንዲያውቅ ብሎ ነው የጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1987 በመጀመሪያ የመድረክ ተውኔት ሆኖ ቀረበ። ተውኔቱ ከጸጉር ቤቱ አይወጣም፤ ወንድ የሚባልም መድረኩ ላይ አይታይም። ፊልሙ ላይ ራሱ ሃርሊንግ ሰባኪ ሆኖ ብቅ ይላል። ርእሱንም አስረዱ፤ ማግኖሊያ በደቡቡ በየግቢው የሚበቅል፣ ነጭ አበባው ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ ዛፍ ነው፤ ሴቶቹ አበባ መስለው ብረት ናቸው ለማለት ነው። በእኛ መንገድ ጥግ አንድ አለ። እናቴ በማግሥቱ ሕፃኗን ታቅፋ ሄዳ ቅጠሉን በጣቷ አንኳኳችው፤ «ቆዳ ይመስላል» አለች።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ፊልሙ እንዳለቀ እናታችሁን «እንዴት አገኘሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ስኒዎቹን ሰብስቡና ወደ ማድ ቤት ሂዱ። በሩን አትዝጉ። ቧንቧውን አትክፈቱ።

እኔ በእርግዝናዬ ጊዜ ስኳር ወጥቶብኝ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ቁጥሩን በስልክ እልክላት ነበር፤ 92፣ 104፣ 89። እሷም ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ትመልስልኛለች። አልተጨነቀችም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅር ብሎኝ ነበር። ስኒዎቹን በሳህን ላይ ይዤ ቆሜ ለክርስትና እናቴ ስትነግራቸው ሰማኋት። ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ አታውቅም ነበር። በደረሷት ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰፈራችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ትሄድና ለፋርማሲስቱ ልጅ ታሳየዋለች። ደህና ነው ሲላት ነው መልሱን የምትጽፍልኝ። 104 የላክሁ ቀን ልጁ አልገባም ነበር፤ እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ለእኔ ለምን አልደወልሽልኝም?» አሏት ክርስትና እናቴ።

«አንቺማ ሄደሽ ታስጨንቂያታለሽ።»

በረካው ጀበናው ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። አዲስ ውኃ ጣድኩ፤ እስኪፈላ ድረስም ወደ ሳሎን አልተመለስኩም።