የፈቃድ ሰጪ ቦርድ አባላት የሥራ ዘመን በየተራ እንዲያበቃ እንዴት ይደረጋል?

በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለመሐንዲሶችና ለመሳሰሉት ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ የሚሰጡት፣ ጥፋት ሲገኝም የሚነጥቁት ቦርዶች ናቸው፤ አባሎቻቸውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚሾመው ገዥው ነው። የሁሉም አባላት ዘመን በአንድ ቀን የሚያበቃ ከሆነ አንድ ገዥ ቦርዱን በአንድ ጊዜ ሊለውጠው ይችላል፤ ተጀምረው ያላለቁ የዲሲፕሊን ጉዳዮችም መዝገቡን አይተው በማያውቁ ሰዎች እጅ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዘመኑ በየተራ እንዲያበቃ ይደረጋል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካ ሴኔት በ1789 አባላቱን በሦስት ክፍል መድቦ የ2፣ የ4 እና የ6 ዓመት መነሻ ዘመን በዕጣ ደልድሏል።

በመጀመሪያ የወንበሮቹን ብዛትና የዘመኑን ርዝመት አስተያዩ። ለምሳሌ ዘጠኝ አባላትና የሦስት ዓመት ዘመን ያለው ቦርድ በየዓመቱ ሦስት ሦስት ወንበር ይለቀቅለታል። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለክፍለ ግዛቱ ቦርዶች የፈቀደው ደግሞ የስድስት ዓመት ዘመን ሲሆን፣ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ቁጥሩ እኩል ባይካፈልም ችግር የለውም፤ ሰባት ወንበር ሁለት፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመደባል።

ቀጥሎ ወንበሮቹን በዓይነታቸው ለዩ። ከዘጠኙ ስድስቱ የሙያው ሰዎች፣ ሦስቱ ደግሞ ከሙያው ውጭ የሆኑ የሕዝብ ተወካዮች ቢሆኑ፣ በእያንዳንዱ ምድብ (ዘመናቸው በአንድ ዓመት በሚያበቃ ወንበሮች ስብስብ) ሁለት ባለሙያና አንድ የሕዝብ ተወካይ መግባት አለበት። ይህ ከተዘነጋ ሦስቱም የሕዝብ ተወካዮች በአንድ ዓመት ሊወጡና፣ ሹመቱ ሲዘገይ ቦርዱ ባለሙያዎች ብቻ የሚወስኑበት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ተሿሚዎች አጭርና ረጅም መነሻ ዘመን ይሰጣቸዋል። ቦርዱ ሥራውን በሐምሌ 1 ቀን 2027 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቢጀምር፣ ምድብ ሀ በሰኔ 30 ቀን 2028፣ ምድብ ለ በ2029፣ ምድብ ሐ በ2030 በዚያው ቀን ያበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሙሉ ሦስት ዓመት ያገለግላል። ማን አጭሩን ዘመን እንደሚወስድ ሿሚው በሹመት ደብዳቤው ሊወስን ይችላል፤ ዕጣ ግን ቅሬታን ይቀንሳል፤ ዕቁብ የገባ ሰው ይህን አያጣውም።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ሥርዓቱ የሚበላሸው ከዓመታት በኋላ፣ ወንበር ሳይታሰብ ሲለቀቅ ነው። በምሳሌያችን ከምድብ ሐ አንድ አባል ቢለቅና በ2029 አጋማሽ ለተተኪው ሙሉ ሦስት ዓመት ቢሰጠው፣ ዘመኑ በ2032 ከምድብ ለ ጋር ያበቃል፤ ለ አራት፣ ሐ ሁለት ወንበር ይሆናሉ። ከምድብ ሀ በ2028 የተለቀቀ ወንበር አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሞላ ቢቆይና ዘመኑ ከሹመቱ ቀን ቢቆጠርም ውጤቱ ያው ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ሲደጋገም ወንበሮቹ በአንድ ዓመት ይከማቻሉ።

መድኃኒቱ ዘመኑን ከሰውየው ነጥሎ ከወንበሩ ጋር ማሰር ነው። ወንበሮቹን ቁጥር ስጧቸው፤ የእያንዳንዱ ዘመን የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ሹመቱ ቢዘገይም እንደማይለወጥ በሕጉ ጻፉ፤ በመሐል የሚተካ ሰው የሚሾመው ለቀሪው ጊዜ ብቻ መሆኑንም አክሉ። በ1914 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሕግ ለአምስቱ የመጀመሪያ ኮሚሽነሮች የ3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 7 ዓመት ዘመን ሲመድብ ይህንኑ የቀሪ ጊዜ ደንብ አስቀምጧል።

ዘመኑ ያበቃ አባል ተተኪው እስኪመጣ እንዲቀጥል ከተፈቀደ፣ ያ ጊዜ ከተተኪው ዘመን ላይ እንደሚቀነስ ይገለጽ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ዘመን ብቻ ከሆነም፣ አጭሩ መነሻ ዘመን እንደ ሙሉ ዘመን ይቆጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ እኔ ከግማሽ በታች ያገለገለው ባይቆጠርበት እመርጣለሁ።

ዘመኑ በአንድ ቀን የሚያበቃ ነባር ቦርድ ካላችሁ፣ በወንበር ላይ ያሉትን አባላት ዘመን አትቁረጡ፤ ክርክር ያስነሳል። የአሁኑ ዘመን እስኪያልቅ ጠብቁና የሚቀጥሉትን ሹመቶች ብቻ ለአንድ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት አድርጉ።