ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም

«ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጠለ መሰለኝ።» የተበላሸ የሪሞት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነው። ተቀብዬ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ እሪ ይላል። የተቃጠለ ሞተር እሪ አይልም። ይሸታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የሚጮኸው ጤነኛ ነው፤ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ባትሪው መሙላቱን፣ የሪሞቱ ድንጋይ አዲስ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። የማወራው በአብዛኛው ስለ 1/10 (ከእውነተኛው መኪና በአሥር እጅ ስለሚያንሰው) የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

ሞተሩ ዞሮ ጎማው የማይዞር

የጊሩን ሽፋን ፍቱ። የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሿ የብረት ጊር ፒኞን ናት። ከሷ ጋር የተያያዘው ትልቁ የፕላስቲክ ጊር ደግሞ ስፐር ነው። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ፒኞኗ ድረስ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ጋዙን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ። መስመሩ ከተቆረጠ ፒኞኗ ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተች ነው። የያዘቻት ብሎን ላልታለች።

ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ሙሉ ክብ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ተሞርዶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ብሎኗ መቀመጥ ያለባት ልክ እዚያ ጠፍጣፋው ላይ ነው። አንድ ልጅ ያንኑ መኪና በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አመጣልኝ። «አጥብቄዋለሁ እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ አጥብቋታል። ግን ክቡ ጎን ላይ ነው ያጠበቃት። ዘንጉ ከመፋተጉ የተነሳ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ዘንጉንና ብሎኗን በአልኮል ጥረጉ። ቅባት ካለ ምንም አይይዝም። ብሎኗ ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) አድርጉና አጥብቁ። ቀዩን አታድርጉ፣ በኋላ በእሳት ካላሞቃችሁት አይፈታላችሁም። ደግሞ ሎክታይት ፕላስቲክ አይንካ። ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ደግሜ ልበለው፦ ፕላስቲክ አይንካ። የሞተሩን መያዣ በሎክታይት አጥቦ ሲያበቃ «ክፍሉ ደካማ ነው» ያለኝ ሰው አለ።

የቁልፍ ነገርም አለ። ብዙዎቹ ፒኞኖች 1.5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይወስዳሉ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልካቸው ግን አንዳንዶቹ በኢንች ናቸው፤ 1/16 ኢንች፣ ማለትም 1.59 ሚሊ። 1.5ቱ ቁልፍ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ግን የብሎኗን አፍ ክብ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያ ነው የሚያወጣት። መንገድ ዳር የሚሸጡት ለስላሳ ቁልፎችማ ትክክለኛውን ልክም ያበላሻሉ። አንድ ደህና ቁልፍ ግዙ። አንድ ብቻ።

መስመሩ ካልተቆረጠ ስፐሩን እዩ። ጥርሱ ተበልቶ ከሥሩ የፕላስቲክ ዱቄት ታገኛላችሁ። ስፐር ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። ግን ለምን እንደተበላ ሳታውቁ አዲስ ከገጠማችሁ በሳምንቱ እንገናኛለን።

አንደኛው ምክንያት ርቀት ነው። ፒኞኗና ስፐሩ ከተራራቁ ጥርስ ይዘላል፣ ከተጣበቁ ሞተሩ ይግላል። ከልጆች ደብተር አንድ ስስ ብጣሽ ወረቀት ቅደዱ። የሞተሩን ብሎኖች አላሉ፣ ወረቀቱን በሁለቱ ጊሮች መሃል አስገቡ፣ ሞተሩን ወደ ስፐሩ ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ጊሮቹን እያዞራችሁ ወረቀቱን አውጡት። እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ፣ ሳይቀደድ መውጣት አለበት። አሁን ስፐሩን በጣት ይዛችሁ ፒኞኗን ወዲህ ወዲያ ነቅነቅ አድርጓት። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ካለ ልክ ነው። ይህን አራት ቦታ ላይ ሞክሩ፤ የትኛውም የፕላስቲክ ስፐር ፍጹም ክብ አይደለም። የምታስተካክሉት በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው የጥርስ ልክ ነው። አንድ ወዳጄ ከዱባይ በሻንጣ አምስት ፒኞን አስመጣ። ስፐሩ 48 ፒች (የጥርስ ልክ በኢንች)፣ ፒኞኖቹ ሞጁል 0.6 (የጥርስ ልክ በሚሊ ሜትር)። በዓይን ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። መኪናው እንደ ቡና ወፍጮ ይጮኽ ነበር፤ በአንድ ከሰዓት ሁለት ስፐር በላ። ፒቹን ወደ ሞጁል ለመቀየር 25.4ን ለፒቹ ቁጥር አካፍሉ። 48 ፒች 0.53 ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ ከ0.6 ጋር አይግባባም። 32 ፒች ደግሞ 0.79 ስለሆነ ከሞጁል 0.8 ጋር ይኖራል።

ሦስተኛው ገረጋንቲ ነው። አንዲት ፍሬ ጠጠር ብትገባ ስፐሩ አለቀ። የምትገባውም ሽፋኑ ስለሌለ ነው። «ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ብዬ አወለቅኩት» የሚለኝን ሰው ብዛት አልቆጥርም። ሽፋኑን መልሱ!

ፒኞኗም ስፐሩም ደህና ከሆኑ ስሊፐሩ (ስፐሩ ላይ ያለው፣ ጫና ሲበዛ የሚንሸራተተው ክላች) ላልቷል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አጥብቃችሁ ያዙና ስፐሩን በአውራ ጣት ግፉት። እየታገለ መዞር አለበት። ቀልሎ ከዞረ የስሊፐሩን ዳዶ ጠበቅ አድርጉ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ ጎማ ብቻ ከዞረ ዲፈረንሻሉን ክፈቱ።

ጥቂት ደቂቃ ሄዶ የሚቆም

ሞተሩን ንኩት። ጣት ካላስቀመጠ ወይ ርቀቱ ጠብቋል፣ ወይ ፒኞኗ ትልቅ ናት። በሁለት ጥርስ የምታንስ ግጠሙ። የአዲስ አበባ አየር ከባህር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ፋብሪካው የመከረው ፒኞን እዚህ ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተሩ ካልጋለ ሊፖው (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪው) ጨርሷል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ባትሪው እንዳይጎዳ ኃይሉን ቆርጦ ሥራውን ሠርቷል። ግን መቼቱ «ሊፖ» ላይ መሆኑን እዩ። «ኒኬል» (የሌላ ዓይነት ባትሪ መቼት) ላይ ከተተወ ሊፖውን ጨምቆ ይገድለዋል። ያበጠ ሊፖ አይሞላም፣ «አንድ ጊዜ ልሞክረው» አይባልም። ደህናውንም ቢሆን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ቤት ዘግታችሁ አትውጡ። ዘመድ ይዞላችሁ ከመጣም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይደለም።

ጭስ በጭስ የሆነ ናይትሮ

ናይትሮ በባትሪ ሳይሆን በነዳጅ ሞተር የሚሄደው ነው። በፋብሪካ መቼት አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ትልቁን መርፌ (ካርቡረተሩ ላይ ነዳጁን የሚመጥነውን ብሎን) በሰዓት አቅጣጫ በ1/8 ዙር እያጠበባችሁ ሞክሩ። ስስ ጭስ ሁልጊዜ መታየት አለበት። መኪናውን ይዛችሁ ጅቡቲ ከወረዳችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፤ አለዚያ ሞተሩ ይነክሳል።

መሪው የሚንቀጠቀጥ

መጀመሪያ የሰርቮውን (መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር) ሽቦ እዩ። መሪው ሳይዞር ሰርቮው ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የውስጥ ጥርሱ ሄዷል።

ቀለሙ የሚላጥ

ግልጹ የሌክሳን (የፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ) አካል የሚቀባው ከውስጥ ነው። ከውጭ የተቀባ የመጀመሪያው ግጭት ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ የመኪና ስፕሬይ ከውስጥ ቢቀባም ያው ነው፤ ሌክሳኑ ሲታጠፍ አብሮ አይታጠፍም። ለፖሊካርቦኔት የተባለውን ፈልጉ። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ በጣት አትንኩት። ጥቁሩን ቀድማችሁ፣ ነጩንና ቢጫውን ከኋላው። ስስ፣ ስስ እያደረጋችሁ፣ በየመሃሉ እያደረቃችሁ። ውጩ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ የሚላጠው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ «ቆሻሻ መስሎኝ» ብሎ አስቀድሞ ልጦት የመስኮቱን ጭጋግ በቤንዚን ሊያጠፋ ሞከረ። መስኮቱ አሁን ነጭ ነው፣ ስንጥቅጥቁም ወጥቷል።