አንድ አገር የኮሌስትሮል የአመጋገብ መመሪያ እንዴት ያወጣል?

በደሴ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ማውጣት የቆየ ወግ ነው፤ ዛሬ ግን በገበታው ዙሪያ «አስኳሉን ተወው፣ ኮሌስትሮል ነው» የሚል አይጠፋም። ኮሌስትሮል በሰውነታችንና ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ያለ ቅባት መሰል ነገር ሲሆን፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ምክሩ የመጣበትን መንገድ ለመረዳት የመመሪያውን አወጣጥ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጥያቄው በትክክል ይለያል። በሰውነታችን ያለውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ፣ በተለይም ጉበት ስለሆነ፣ በምግብ የምንወስደው መጠንና በደም ውስጥ የሚለካው አንድ አይደሉም። መመሪያው ለጤነኛ ነው ወይስ ለታማሚ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰናል።

ቀጥሎ የጥቅም ግጭታቸውን ያሳወቁ ባለሙያዎች ጥናቶችን ሰብስበው ይመዝናሉ። ፈተናው ኮሌስትሮል ብቻውን የማይበላ መሆኑ ነው፤ ቅቤና ሥጋ ኮሌስትሮልንም፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን ሳቹሬትድ የሚባል ስብም አብረው ይይዛሉና፣ ጉዳቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ሥራ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም አድካሚው፣ ሕዝቡ በእርግጥ ምን እንደሚበላ መለካት ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ባለፉት 24 ሰዓታት የተበላውን ይጠይቃሉ። ደሴ ላይ ግን ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ቀላል አይደለም። ቀኑም ይወስናል፦ በዐቢይ ጾም የተጠየቀ ክርስቲያን ቤት ከዕፅዋት ብቻ ስለሚመገብ ኮሌስትሮሉ ከምንም አይቆጠርም፤ የጎረቤቱ ሙስሊም ቤት ደግሞ በረመዳን ማታ ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ስለዚህ ልኬቱ በተለያዩ ወቅቶች መደገም አለበት።

ከዚያ ቁጥር ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለው ይመጣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 በቀን ከ300 ሚሊግራም በታች ብሎ መከረ፤ የአገሪቱ መንግሥት ግን ይህን ገደብ ከ2015ቱ መመሪያ አወጣ፤ ምግቡ በአጠቃላይ ጤናማ ሆኖ ኮሌስትሮሉ እንዲያንስ ከመምከር አልተቆጠበም። ጃፓንም በ2015 ገደቡን አንስታ፣ በ2020 የደም ቅባታቸው ለተዛባ ሰዎች ከ200 ሚሊግራም በታች የሚል ምክር ጨመረች።

በመጨረሻ ሚሊግራሙ ወደ ማንኪያ ይመነዘራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከዕለቱ ኃይል 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ንጥር ቅቤ ይሞላዋል። አንድ እንቁላል 190 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል ቢኖረውም ሳቹሬትድ ስቡ ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ በዶሮ ወጡ ላይ ይበልጥ መታየት ያለበት አስኳሉ ሳይሆን ቁሌቱ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያውን ምግብ ተኮር ብሔራዊ መመሪያ አውጥታለች፤ እንዲህ ያለ ሰነድ በየጊዜው ሲከለስ ምክሩ ቅቤውን በጭልፋ ለምትለካ የደሴ እናት ግልጽ መሆኑ ጓዳዋ ድረስ ሄዶ መፈተሽ ይኖርበታል።