መሬትን የሚዞር ገመድ፦ ተማሪ ሁሌ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ጥያቄው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊስተን እ.ኤ.አ. በ1702 ጽፎታል። በምድር ወገብ ላይ መሬትን ዙሪያዋን የሚያስር ገመድ አለ እንበል፤ ርዝመቱ 40,075 ኪሎ ሜትር። 1 ሜትር ቀጥሉበትና ዙሪያውን እኩል ከፍ ይበል። ከመሬት ስንት ይርቃል? 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ደሴ ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ ሳስጠና ይህን ጥያቄ በየዓመቱ አነሳዋለሁ። በጣም እወደዋለሁ። ስህተቶቹ ግን በየዓመቱ ያው ናቸው፤ ስለዚህ አንዴ ጽፌ ላስቀምጣቸው።

ብዙዎቹ ገና ከመጀመሪያው ካልኩሌተር ይመዛሉ። የገመዱን ርዝመት ለ6.28 (ለ2 ጊዜ ፓይ) ያካፍሉና 6,381 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ከዚያ መጽሐፍ ላይ ያለውን የመሬት ሬዲየስ፣ 6,378ን፣ ይቀንሳሉ። «ቲቸር፣ 3 ኪሎ ሜትር ነው!» አይደለም። ያ 3 ኪሎ ሜትር የመጣው ፓይን 3.14 ብላችሁ ስለቆረጣችሁት ነው። ሁለት ግዙፍ ቁጥሮችን ቀንሳችሁ ኢምንት ልዩነት ስትፈልጉ፣ የቆረጣችኋት ትንሽ ነገር መልሱን ትውጠዋለች። የመሬትን ስፋት ጭራሽ አታስገቡት። የተጨመረውን 1 ሜትር ብቻ ለ6.28 አካፍሉ፤ 0.159 ሜትር ይመጣል። ጁፒተርም ብትሆን፣ የእግር ኳስም ቢሆን መልሱ ያው ነው።

ሌላው፣ ዙሪያውን እኩል ማንሳትንና አንድ ቦታ ላይ ይዞ መሳብን ማምታታት ነው። መሬት ልሙጥ ኳስ ናት ካልን፣ ያንኑ 1 ሜትር ትርፍ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስበን ወደ ላይ ብንስበው ጫፉ 121 ሜትር ይደርሳል። ገመዱ ከመሬት የሚላቀቀውም ከሁለቱም ወገን 39 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ቁጥሩን ካላመናችሁ ራሳችሁ አስሉት፤ ትሪጎኖሜትሪ የተማረ ሰው ይደርስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሒሳቡን በትክክል የሠራ ጎበዝ ተማሪ እንኳ እዚህ ላይ ይወድቃል። «ገመዱ 16 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚቆመው በደንብ ስለተወጠረ ነው» ይላል። እሺ፣ ከላላስ? «ይወድቃል።» የበለጠ ብንወጥረውስ? «የበለጠ ይነሳል።» ይህን ስሰማ ትምህርቱን አቁሜ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ በትክክል ተገልብጧል።

ይህ ሐሳብ የመጣው ከመብራት ሽቦ ነው። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለ ሽቦ ሲላላ ይረግባል፣ ሲወጠር ቀና ይላል። ልክ ነው። ግን ሽቦው ወደ የት እንደጎበጠ ተመልከቱ። መሐሉ ዝቅ፣ ጫፎቹ ከፍ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከሽቦው ላይ ቁራጭ ብትወስዱ፣ ግራና ቀኝ የያዟት ጎረቤቶቿ ትንሽ ወደ ላይ ይስቧታል። ክብደቷን የሚሸከመው ይህ ነው።

መሬትን የሚዞረው ገመድ ግን የጎበጠው በተቃራኒው ነው። እዚያ ላይ አንዲት ሜትር ምረጡ። ግራዋም ቀኟም ከእሷ ትንሽ ዝቅ እያሉ ነው የሚሄዱት፣ መሬት ክብ ናትና። ውጥረቱ ወደ ታች ይስባታል። ክብደቷም ወደ ታች። ወደ ላይ የሚገፋት ማን ነው? ማንም የለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ግመል ሲጫን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጫኛው በጠበቀ ቁጥር ጭነቱ ውስጥ ይሰምጣል እንጂ ከጭነቱ አይርቅም። የተወጠረ ገመድ መሬትን ያንቃል እንጂ ከመሬት አይነሳም።

እንዲቆም ከተፈለገ በውስጡ ያለው ኃይል መሳብ ሳይሆን መገፋፋት መሆን አለበት። ገመድ ደግሞ ሲገፉት ይታጠፋል። ብረት እናድርገው ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ የሚያርፈው ግፊት የዚያው ብረት 6,378 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ክብደት ያህል ነው። ጠንካራ የሚባለው ብረት ከሚችለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

«ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሳብ ይንሳፈፋል» የምትሉም አላችሁ። በጭራሽ የማይታጠፍ ቀለበት ቢገኝ እንኳ ለቅጽበት ነው። ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወደ መሬት የቀረበው በኩል የበለጠ ይሳባል፣ የበለጠ ይቀርባል፣ በመጨረሻም ይነካል። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የሳተርን ቀለበቶች ጥናቱ፣ ወጥ የሆነ ጠጣር ቀለበት ሊረጋ እንደማይችል አሳይቷል።

ምሰሶ ይተከልለት ካላችሁ፣ ይቻላል። ያኔ ግን የሚሸከመው ምሰሶው ነው። አራርቃችሁ አትትከሉት፤ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት የመሬት ጉብታ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ግን 196 ሜትር ይሆናል። ሽቦው የሚረግበውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

«መሬት ስለምትዞር ትወረውረዋለች» ለሚሉ፦ በምድር ወገብ ላይ የመዞሯ ፍጥነት በሰከንድ 465 ሜትር ነው። የሚቀንሰው ክብደት ከመቶ 0.3 ገደማ ነው። ገመዱ ራሱ በሰከንድ ከ7.9 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሽከረከር ግን እውነትም ይወጠራል፣ መሬትንም ሳይነካ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት አየር ውስጥ ስለሚቃጠል ቦታው ከከባቢ አየር በላይ ነው። ያለ ማስተካከያም ረግቶ አይቆይም።

የመጨረሻው የኛው የወሎዎቹ ነው። ግሎብ ላይ ደሴን ፈልገው፣ በ11 ዲግሪ ሰሜን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንድ መስመር ይስባሉ። ያ ክብ 39,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከምድር ወገብ ያጥራል። ስለሚያጥር የተወጠረ ገመድ እዚያ አይረጋም፤ ሰበቃ ካልያዘው፣ ይበልጥ ወደሚያጥርበት ወደ ሰሜን ዋልታ ይንሸራተታል፣ በመጨረሻም ይሾልካል። ልሙጥ ኳስ ላይ ክር ከመሐሉ በደንብ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩና ታዩታላችሁ። ገመዱን በደሴ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው መሐሉ የመሬት እምብርት የሆነ ክብ ይሳል። ያ ክብ በየትኛውም አቅጣጫ ቢነሳ በማዶ በኩል የሚያልፈው በ11 ዲግሪ ደቡብ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ማርኬሳስ ደሴቶች አጠገብ ነው።